ጎረቤቴን ጆሮ ጠቢ አታድርጉብኝ

ግልጽ ደብዳቤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ሰው ስለ ፖለቲካ የተናገረው ነገር «ጥቆማ» እየተባለ ከጎረቤቱ፣ ከባልደረባው ወይም ከአከራዩ እንዳይሰበሰብ በሕግ ከልክሉልን። ቦምብ የደበቀ፣ ሰው ያገተ፣ «እነ እከሌን ጨርሷቸው» እያለ የሚቀሰቅስ ካያችሁ ጠቁሙ በሉን፤ እንጠቁማለን። ባለሥልጣን የተቸን፣ በኑሮ ውድነት የተማረረን፣ ጦርነት አልደግፍም ያለን ሰው ግን ጠቁሙ አትበሉን።

ልዩነቱ ለእናንተ ግልጽ ሊሆን ይችላል። በሰፈር ስብሰባ ለተቀመጠ ሰው ግን ግልጽ አይደለም። እኔ በተገኘሁበት አንድ የጸጥታ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «ጸጉረ ልውጥ ስታዩ፣ አፍራሽ ወሬ የሚያወራ ስትሰሙ፣ ዝም እንዳትሉ» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ አፍራሽ ወሬ የምትለው የቱን ነው? ዘይት ተወደደ ማለትም ይገባበታል?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ አሉና «እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ እማማ» ብለው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ።

እኔን ያስፈራኝ ያ መልስ ነው። ወንጀል ምን እንደሆነ የሚወስነው እናንተ የምታወጡት ሕግ ነው። በዚያ መልስ ግን ሥልጣኑ ለጎረቤት ተሰጠ። ጎረቤት ደግሞ ሰው ነው። የሚወደው አለ፣ የሚጠላው አለ። በአጥር የተጣላው አለ፣ አበድሮ ያልመለሰለት አለ፣ ቤቱን እንዲለቅለት የሚፈልገው ተከራይ አለ።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ቀበሌ በሐምሌ 1967 ሲመሠረት ዋና ሥራው ቦታና ቤት ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠውን ቤቶች ቀበሌው እንዲያስተዳድር ተሰጠው። ያ የኪራይ ቢሮ ብዙም ሳይቆይ ጥበቃ ጓድ አስታጠቀ፣ እስር ቤት ከፈተ። በ1969 አዲስ አበባ ላይ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ማን የት እንደሚያድር፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሚውል የሚያውቀው እሱ ነበር። ወዲያው ደግሞ ማጋለጥ መጣ። ሰው በቀበሌ አዳራሽ፣ በፋብሪካ፣ በመሥሪያ ቤት ይሰበሰብና ራሱንም ሌላውንም እንዲያጋልጥ ይታዘዛል። የኢሕአፓ በራሪ ወረቀት የተገኘበት፣ ሲያነብ የታየ፣ ወይም አነበበ ተብሎ የተወራበት ከመካከል ይነሣል። ብዙዎቹ ገና ደብተር የያዙ ልጆች ነበሩ። ነገሩ እስከ ምን ድረስ ከእጅ እንደወጣ ለማየት የአራት ኪሎውን የቀበሌ ሊቀመንበር ግርማ ከበደን ማስታወስ ይበቃል። ሰው በመፍጀት ስሙ ከመግነኑ የተነሣ ያስታጠቀው ደርግ ራሱ በ1969 አስገደለው።

የእኔ ትውልድ ይህን የሰማው ከወላጆቹ ነው። አባቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ስለ ገዳዮቹ ብዙ አይናገርም። የሚያነሣው ጠቋሚዎቹን ነው። ገዳዩን አያውቀውም። ጠቋሚውን ግን ያውቀዋል፤ አብሮት ኳስ ተጫውቷል፣ እናቱ ቤት ቡና ጠጥቷል። ከዚያ በኋላም በአንድ ዕድር ሆነው ለቀብር አብረው ድንኳን ሲተክሉ ኖረዋል። ሰላምታ ይሰጣጣሉ። አንዱ በሌላው ቤት ግን እህል ውኃ አይልም። ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ምክንያቱን ሳያውቁ ይራራቃሉ።

ድሮስ ሰው አይጠቁምም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። ይጠቁም ነበር እንጂ። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ይመረመራል፤ ካልወጣም ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። ከባድ ሥርዓት ነበር፤ ያልበደለውንም ያስከፍል ስለነበር ይመለስ አልልም። ነገር ግን መነሻው የጠፋ በሬ፣ የተቃጠለ ጎጆ፣ የወደቀ ሬሳ ነው። በዓይን የሚታይ ጉዳት ነበረ። «እከሌ ስለ መንግሥት ምን ያስባል?» የአፈርሳታ ጥያቄ አልነበረም።

በኢሕአዴግ ዘመን መዋቅሩ ረቀቀ። ከ1997 ምርጫ በኋላ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በገጠርም፣ በትምህርት ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም ተዘረጋ። በወረቀት ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጥናት ነበር። በውስጡ የኖረ ሰው ግን ሌላም ጥቅም እንደነበረው ያውቃል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ግምገማ ነበር። አንድ ሰው ሥራውን አሟልቶ የሠራ እንደሆነ እንኳ «የአመለካከት ችግር አለበት» ተብሎ ይነሣበታል። ይህች ሦስት ቃል ስንቱን ዕድገት እንዳስቀረች፣ ስንቱን ሩቅ አገር እንዳዛወረች የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ጠይቁ። እንዲህ ተብሎ የተገመገመ ሰው መከላከያ የለውም። ምን ብሎ ይከራከራል? አመለካከቴን እዩልኝ ብሎ ከደረቱ አውጥቶ አያሳይ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከእናንተው ምክር ቤት የወጣው የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር። በዝርዝር የማነሣው ነገሩ እንዴት እንደሚገጣጠም ስለሚያሳይ ነው። አንቀጽ 6 ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ንግግርን ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። አንቀጽ 12 ስለ ሽብር መረጃ እያለው ለፖሊስ ወዲያው ያልተናገረን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ይቀጣ ነበር። አንቀጽ 15 አከራይ የተከራዩን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዝ ነበር። አንቀጽ 23 ደግሞ ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርትና የስሚ ስሚ ምስክርነት በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ፈቀደ። አራቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። መጀመሪያ ንግግር ሽብር ሊሆን ቻለ። ቀጥሎ የሰማውን ያልተናገረ ወንጀለኛ ሆነ። በመጨረሻ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ ተከሳሹ ሳያውቅ መፍረድ ተቻለ። በዚህ አዋጅ የታሰሩ ጋዜጠኞችና ጦማሪዎችን አገር ያውቃቸዋል። ስማቸው ያልተጻፈ፣ ባልደረባቸው አቃጥሮባቸው የገቡ ግን ብዙ ናቸው።

በ2012 ይህን አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1176 ተክታችሁታል። ላደረጋችሁት ምስጋና ይገባችኋል፤ ከልቤ ነው። ይሁንና አዋጅ ሲሻር ልማድ አብሮ አይሻርም። ልማዱ አስቸኳይ ጊዜ በታወጀ ቁጥር ይመለሳል።

በ2009 በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ እጅን ወደ ላይ አጣምሮ ማሳየት ተከለከለ። ኢሳትና ኦኤምኤን የሚባሉትን ጣቢያዎች ማየትም ተከለከለ። እስቲ አስቡት። ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ የትኛውን ጣቢያ እንደሚያይ የሚያውቀው ማን ነው? መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ አይደለም። የግድግዳ ጎረቤት ነው፣ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ዲሽ የሠራው ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ክልከላ ሲወጣ፣ ጠቁሙ የሚል ቃል ባይጻፍበትም፣ ያለ ጠቋሚ አይሠራም። ሰው ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ድምፁን ቀንሶ፣ መጋረጃ ዘግቶ ነበር የሚያይ። ልጅን «ትምህርት ቤት እንዳትናገር» ብሎ ማስጠንቀቅ የወላጅ ሥራ ሆነ።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ጦርነቱ ወደ መሀል አገር እየቀረበ ነበር። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ እኔም ፈርቻለሁ። የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ፣ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተነገረው። በዚያው ሰሞን ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ እናቶችና አረጋውያን ጭምር እንደተያዙ ገልጾ ስጋቱን አሰምቷል።

ከታሰሩት አንዱን አውቀዋለሁ። ብረታ ብረት ሠራተኛ ነው፤ የብዙዎቻችንን በር የበየደው እሱ ነው። በረንዳ ላይ ቆሞ በትግርኛ ሲያወራ ተሰማ ተባለ። ከማን ጋር፣ ስለ ምን እንዳወራ የጠቆመው ሰው አያውቅም፤ ቋንቋውን አይሰማማ። ብረታ ብረት ሠራተኛው የተጠየቀው «ስለ ሁኔታው ምን ስትል ነበር?» ተብሎ ነው። «እናቴ ታማ ስለ መድኃኒት ነው ያወራሁት» አለ። ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቀ። ሲመለስ ክፍሉ ተከራይቷል፤ የብየዳ ማሽኑ ግቢ ውስጥ ዝናብ መቶት ዝጓል። «ማን ነው የጠቆመብኝ?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። እስከ ዛሬ አያውቅም። በዚያች ግቢ የሚኖሩትን ሁሉ በጥርጣሬ ያያል። ከእነሱ ውስጥ አብዛኞቹ ምንም አላደረጉም።

የጠቋሚነት ጉዳቱ ጠቋሚውና ተጠቋሚው ላይ ብቻ አይቆምም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ስለ ኑሮው ያወራል፤ አንድ ሰው ሲገባ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ኳስ ይዞራል። የገባው ሰው ምንም አላደረገ ይሆናል። ግን በሆነ ስብሰባ ላይ ታይቷል፣ ወይም ከወረዳ ሰዎች ጋር ቡና ሲጠጣ ታይቷል። ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ ሲደውል፣ ስለ አገር ሁኔታ ገና ሊጠይቅ ሲል «እሱን ተወው፣ ደህና ነን» ተብሎ ይቆረጣል። ወንድም ከወንድሙ ጋር እንዲህ ነው የሚያወራው። አሁን ደግሞ ስክሪን ሾት አለ። የሥራ ባልደረባህ ፌስቡክ ላይ የጻፍከውን አንሥቶ ለአለቃህ ይልክልሃል። ማታ በንዴት የጻፍከው ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ታትሞ ይጠብቅሃል።

እናንተ በዚህ ምን ታጣላችሁ? እውነቱን ታጣላችሁ። የመረጣችሁ ሕዝብ ጋ ስትወርዱ ሰው ያጨበጭባል። የውኃውን ችግር እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚነግራችሁ፤ ቅሬታ አፍራሽ ወሬ ይባል አይባል እርግጠኛ አይደለማ። ሪፖርት ይደርሳችኋል፤ ሪፖርቱ ግን ሰው ደፍሮ የተናገረው ብቻ ነው። ሰው የፈራውን ነገር ሪፖርት አይዘውም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ደርግን በደኅንነት ሥራ ሲያግዝ የነበረው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ነው። ስታዚ የሚባለው የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ከ90,000 በላይ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት። በዚያ ላይ ከ170,000 በላይ የሚሆኑ ጠቋሚዎች ነበሩት፤ መምህር፣ ሐኪም፣ ቄስ፣ የትዳር ጓደኛ ሳይቀር። ሕዝቡ 16 ሚሊዮን ገደማ ነው። ያን ያህል ጆሮ እያለው የበርሊን ግንብ ሲከፈት ምንም ማድረግ አልቻለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1992 ጀምሮ ዜጎች የራሳቸውን ፋይል እንዲያነቡ ተፈቀደ። ቬራ ቮለንበርገር የምትባለው የመብት ታጋይና የፓርላማ አባል ስትሰለል የኖረችው በገዛ ባሏ እንደሆነ ያወቀችው በዚያ ሰሞን ነው። ጀርመኖች ግን ፋይሉን አላቃጠሉትም። ተጠቋሚው ማን እንደጠቆመበት የማወቅ መብት አለው አሉ። እኛ አገር ሰው ይህን መብት የሚያገኘው በሐሜት ነው።

ተቃራኒውን ሐሳብ አላጣጥልም። ቃል ይገድላል። ሰኔ 2012 ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ሰው ከቤቱ እየተጎተተ ተገድሏል፣ ከተማ ተቃጥሏል። ጥላቻ ሲሰበክ ዝም ብሎ መስማት ልክ አይደለም። ለዚህ ሕግ አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥላቻ ያሰራጨን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደግሞ እስከ 5 ዓመት ይቀጣል። ሰው ላይ ጥቃት እንዲደርስ የሚቀሰቅስ ካለ በዚህ ይጠየቅ። ሰፈር የሚጠብቁትን የሰላም ሠራዊት አባላትም አልቃወምም። ብዙዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ሌሊት በብርድ ቆመው የመኪና ስፖኪዮ የሚነቅል ሌባ ሲይዙ አይቻለሁ። እነዚህ ልጆች የሌባ ጠባቂ ሆነው ይቆዩልን። የሐሳብ ጠባቂ አታድርጓቸው። እነሱም አይፈልጉትም፤ አንዱ ራሱ «እኔ ሌባ ልያዝ እንጂ የሰው ወሬ ተሸክሜ ምን ልሁን» ብሎኛል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በመጀመሪያ፣ ማንኛውም የመንግሥት አካል፣ ከሚኒስቴር እስከ ብሎክ፣ የሰውን የፖለቲካ አስተያየት ጠቁሙ ብሎ ሕዝብን መጠየቅ እንደማይችል በግልጽ ይጻፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት መያዝ ይችላል ይላል። ጎረቤቱን ጠባቂ አድርጎ ማቆም ጣልቃ ገብነት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? የወንጀል ሕጉም ቢሆን አንቀጽ 443 ላይ ወንጀል አላሳወቅህም ብሎ ተራውን ሰው የሚቀጣው ሞት ወይም ዕድሜ ልክ በሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። ያን ሕግ ያረቀቁት ሰዎች ልኩን አውቀውታል። የስብሰባ አዳራሹ ነው የለጠጠው።

ሁለተኛው፣ በጥቆማ ብቻ ሰው አይታሰር። ጥቆማ ምርመራ ሊያስጀምር ይችላል፤ ሌሊት በር ማንኳኳት ግን አይችልም። ከታሰረም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይ፣ ምስክሩን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የምስክር ጥበቃ የሚያስፈልገው ወንበዴ ላይ ለሚመሰክር ሰው ነው። ጎረቤቴ ስለ ምርጫ እንዲህ አለ ለሚል ሰው ስሙን መደበቅ ጥበቃ አይባልም።

በሐሰት መወንጀል ወንጀል እንደሆነ ሕጉ ያውቀዋል። ሲሠራበት ግን አይታይም። ያ ብረታ ብረት ሠራተኛ ያለ ክስ ሲለቀቅ በውሸት የጠቆመበትን ሰው የጠየቀው የለም። ቢጠየቅ ኖሮ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማው ነበር፤ ቀጣዩ ሰው ስልክ ከማንሣቱ በፊት ሁለቴ ያስብ ነበር። ስለዚህ በፖለቲካ ጥቆማ ተይዘው ያለ ክስ የተለቀቁትን ሰዎች መዝገብ ኮሚቴው እንዲያስቀርብ፣ ሰዎቹም የራሳቸውን መዝገብ እንዲያዩ እንዲፈቅድ እጠይቃለሁ። ቁጥሩ ለሕዝብ ይነገር። ስንት ጥቆማ መጣ፣ ስንቱ እውነት ሆነ፣ ስንቱ የቤት ኪራይ ጠብ ነበር?

ለጎረቤቶቼም አንድ ቃል ልጨምር፤ ደብዳቤው ግልጽ ነውና እናንተም ታነቡታላችሁ። ሰው የተናገረው ነገር ካናደዳችሁ መልሱለት። ተከራከሩት፣ ተቆጡት፣ ካልሆነም ተኳረፉት። ሽማግሌ አለን፣ የንስሐ አባት አለን፣ ኢማም አለን፣ ዕድር አለን። ስልክ ከማንሣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ይህ ሰው ማንን ሊጎዳ ነው? ስም መጥራት ካልቻላችሁ ስልኩን አስቀምጡት።

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ አዋጅ ሲረቀቅ ይፋዊ የሕዝብ መድረክ እንደምታዘጋጁ አውቃለሁ። ለዚህም ጉዳይ አንድ መድረክ አዘጋጁ። የታሰሩትም፣ ፖሊሶቹም፣ የወረዳ ሰብሳቢዎቹም ይምጡ። የጠቆሙም ካሉ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ምን ብለው እንደጠቆሙ፣ ማን ምን እንዳላቸው መስማት እንፈልጋለን። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ብትመልሱልን ይበቃናል፤ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ። ዜጋ ስለ መንግሥት የተናገረውን መጠቆም ግዴታ ነው ወይስ አይደለም?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ